ጋራው ርስት አይደለም

በእኛ አገር ስለ ቅዱስ ተራራ ወሬ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የማን ነው?» የክርስቲያኑ ነው የሙስሊሙ? የአማራው ነው የኦሮሞው? የሐረሪው ነው የመጤው? ማን ቀድሞ ደረሰበት? ማን ስም አወጣለት? ማን አጥር አጠረለት? ክርክሩ ከዚህ አያልፍም። ተራራው ከሥሩ ከሚኖረው ሰው ምን ይጠይቃል ብሎ የሚያነሣ እምብዛም አይገኝም። የሚገርመው ደግሞ የ«የማን ነው» ተሟጋቾች ማስረጃ ሲቸግራቸው የሚሮጡት ወደ ብሉይ ኪዳን መሆኑ ነው። ሲና አለ፣ ጽዮን አለች፤ እግዚአብሔር ተራራ መርጦ ለሕዝብ ሰጥቷል፤ እኛም የተመረጥን ነን፤ ስለዚህ ተራራው የእኛ ነው። አለቀ፣ ደቀቀ ይሉናል።

ኧረ አላለቀም። የዕብራውያን መጻሕፍት ስለ ቅዱስ ተራራ የሚሉትን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው እዚያ ውስጥ የርስት ካርታ አያገኝም። የሚያገኘው ግዴታ ነው፤ ያውም ከበድ ያለ ግዴታ። ይህን ለማሳየት ሐረርን መርጫለሁ። ምክንያቱም ሐረር ጋራ ከላይዋ፣ ግንብ በዙሪያዋ፣ ሁለት ሃይማኖት በጎዳናዋ ያላት ከተማ ናት። የመጽሐፉ ነገር የሚፈተነው እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ነው እንጂ በባዶ ሜዳ አይደለም።

በመጀመሪያ የስሙን ጨዋታ እንጨርስ። በዕብራይስጥ ተራራ «ሀር» ይባላል። በግጥሙ ውስጥ «ሀራር» እየተባለ የሚመጣበትም ቦታ አለ። ይባስ ብሎ ከዳዊት ኃያላን አንዱ የሆነው ሣማ በዕብራይስጡ «ሀራሪ» ተብሎ ተጠርቷል፤ የተራራ አገር ሰው እንደማለት። ይህን የሰማ የስም አዳኝ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ሐረር የመጽሐፍ ቅዱስ ከተማ ናት!» ብሎ ለመጮኽ አንድ ማታ ይበቃዋል። ግን እኮ ሐረሪዎች ራሳቸው ከተማቸውን የሚጠሯት «ጌይ» ብለው ነው፤ «ከተማ» ማለት ነው። ቋንቋቸውም «ጌይ ሲናን» ነው፤ የከተማ ቋንቋ። አሁን ደግሞ ሌላው ተነሥቶ «ሲናን ውስጥ ሲና አለች» እንዳይለን እሰጋለሁ። በድምፅ መመሳሰል ብቻ ርስት የሚገኝ ቢሆን ኖሮ የዓለም መሬት በሙሉ በጆሮ ይከፋፈል ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ግን ስሙን ያደነው ሰው ታሪኩን ሳያነብ መቅረቱ ነው። ያ ሀራሪ የተባለው ሣማ የታወሰው ተራራ በመያዙ አይደለም። ጠላት መጥቶ ሕዝቡ ሁሉ ሲሸሽ እሱ በአንድ እርሻ መካከል ቆሞ ስለ ተከላከለ ነው። የእርሻው ሰብል ደግሞ ምስር ነበር። አዎ፣ ምስር! የወጥ ምስር። መጽሐፉ የተራራ ሰው ብሎ የጠራውን ጀግና ያስታወሰው የሰው ማሳ በመጠበቁ ነው። ከስሙ ይልቅ ሥራውን ብንወርስ ይሻለን ነበር።

ወደ ሲና እንሂድ። ሲና የተራሮች ሁሉ አለቃ ነው፤ ሕጉ የወረደው እዚያ ነው። ታዲያ እስራኤላውያን ከዚህ ተራራ ሥር ስንት ጊዜ ቆዩ? በዘፀአትና በዘኍልቍ የተሰጡትን ቀኖች ብንቆጥር ዓመት አይሞላም። ከዚያ በኋላ በዘዳግም መጀመሪያ ላይ እንደምናነበው፣ በዚህ ተራራ የተቀመጣችሁት ይበቃችኋል፣ ተነሡና ሂዱ ተባሉ። ሄዱ። ዘበኛ አልተዉም። በየዓመቱ ወደ ሲና ተመለሱ የሚል ትእዛዝም በሕጉ ውስጥ የለም። ዛሬ ጀበል ሙሳ ሥር የምናየው የቅድስት ካተሪና ገዳም በ6ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዮስቲንያኖስ ዘመን የታነጸ ነው። ቦታው ይህ ነው የሚለውን የያዘው የክርስቲያኖች ትውፊት ነው እንጂ መጽሐፉ ራሱ ምልክት አልተወም፤ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ በሌሎች ተራሮች ላይ ጭምር ይከራከራሉ። ቦታው ለእምነቱ ወሳኝ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይረሳ ነበር? የተጠበቀው በጽላቱ ላይ የተጻፈው ነው፤ ጽላቱም ለመሸከም የሚመች ነበር።

ወደዚያ ተራራ ተመልሶ እንደሄደ የተነገረለት ታላቅ ሰው ኤልያስ ነው። ከኤልዛቤል ሸሽቶ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። የጠበቀው እንኳን ደህና መጣህ የሚል ቃል አልነበረም። እዚህ ምን ታደርጋለህ ተብሎ ነው የተጠየቀው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ከዚያም ሥራ ተሰጥቶት በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ቅዱስ ተራራን መደበቂያ ላደረገ ሰው ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ አላውቅም።

በሲና ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ብዙዎች እንደ ዋዛ የሚያልፉት። ሙሴ በተራራው ዙሪያ ወሰን እንዲያደርግ ታዘዘ። ሰውም ሆነ እንስሳ ያንን ወሰን እንዳይነካ ተከለከለ። ልብ በሉ፤ ወሰኑ የተደረገው በጠላት ላይ አይደለም፤ ግብፃዊም አማሌቃዊም በዚያ ቦታ አልነበረም። ወሰኑ የተደረገው በተመረጠው ሕዝብ ላይ ነው። ቅዱስ ማለት «የእኛ» ማለት ቢሆን ኖሮ እኛ እንደ ልባችን በወጣንበት፣ ሌላው በተከለከለ ነበር። መጽሐፉ ግን ባለቤት ነኝ ባዩን ነው መጀመሪያ የከለከለው። የተለየ ቦታ ማለት ማንም እጁን የማያስገባበት፣ ማንም ቆርሶ የማይወስድበት ቦታ ማለት ነው። የቅድስና የመጀመሪያ ትርጉሙ ይኸው ነው።

«እሺ፣ ሲናን ተወን፤ ጽዮንስ?» የሚል አለ። መልካም ጥያቄ ነው። ጽዮን ምሽግ ነበረች፤ ዳዊት ከኢያቡሳውያን ላይ በጦር ወሰዳት። ይህን መካድ አይቻልም፤ መጽሐፉም አይክደውም። ነገር ግን ቤተ መቅደሱ የታነጸው ሰይፍ በያዘው ቦታ ላይ ነው ወይ? አይደለም። መጽሐፈ ዜና መዋዕል እንደሚነግረን የታነጸው በሞሪያ ተራራ፣ ኢያቡሳዊው ኦርና እህሉን በሚወቃበት አውድማ ላይ ነው። ዳዊት ንጉሥ ነው፤ ከተማይቱ በእጁ ናት፤ ኦርና የተሸነፈ ሕዝብ ሰው ነው። ያም ሆኖ ኦርና ቦታውን በነጻ ልስጥህ ቢለው ዳዊት እምቢ አለ። ዋጋ ሳልከፍል መሥዋዕት አላቀርብም ብሎ በአምሳ ሰቅል ብር ገዛው። ሦስት ሺህ ዓመት ሙሉ ሰው የሚዋደቅበት ያ ተራራ በመጽሐፉ ታሪክ ውስጥ ከተሸናፊ ጎረቤት በገንዘብ የተገዛ አውድማ ነው። አሸናፊው እንኳ ለቅድስና ሲሆን ዋጋ ከፍሎ ነው የገባው።

ከፍታንም ብናነሣ ጽዮን የተራሮች ራስ አይደለችም። ከቤተ መቅደሱ ኮረብታ ማዶ ያለው ደብረ ዘይት ከእሷ ከፍ ይላል። በመዝሙሩ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጫፍ ያለው የባሳን ተራራ እግዚአብሔር የመረጣትን ትንሿን ተራራ በቅናት ሲያያት እናገኛለን። ትልቁ ቀናተኛ፣ ትንሿ የተመረጠች። የእኔ ተራራ ከአንተ ተራራ ይበልጣል የሚል ሙግት እዚያው መዝሙሩ ላይ ተዘግቷል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የነቢያቱ ነው። ሚክያስ የገጠር ሰው ነበር፤ የድሆችን እርሻና ቤት የሚቀሙ ሹማምንትን፣ በጉቦ የሚፈርዱ ዳኞችን፣ በገንዘብ የሚያስተምሩ ካህናትን እያየ ያደገ። እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔር በመካከላችን ስላለ ክፉ አይደርስብንም ይሉ ነበር። ሚክያስ መለሰላቸው፤ በእናንተ ምክንያት ጽዮን እንደ እርሻ ትታረሳለች አላቸው። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ኤርምያስ በዚያው ቤተ መቅደስ ደጅ ቆሞ ይህንኑ ሲናገር ሊገድሉት ተነሡ። ያተረፉት የአገር ሽማግሌዎች የሚክያስን ቃል አስታውሰው ነው። ኤርምያስ ተረፈ፤ ተራራው ግን አልተረፈም። ባቢሎናውያን መጥተው ቤተ መቅደሱን አቃጠሉት። ቅዱስ ተራራ ከሥሩ የሚፈጸመውን ግፍ እንደ ጃንጥላ አይሸፍንም። መዝሙሩ ወደ ተራራው ማን ይወጣል ብሎ ሲጠይቅ የዘር ሐረግ አይቆጥርም። እጁ የነጻ፣ ባልንጀራውን የማያማ፣ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር፣ በንጹሕ ሰው ላይ ጉቦ የማይቀበል ነው የሚለው። እስቲ ዛሬ በዚህ መስፈርት ማን ይወጣል? በየተራራው ጫፍ ሰልፍ ይኖር ነበር?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛ ለተራራ ያለን ፍቅር በቋንቋችን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። «ደብር» በግዕዝ ተራራ ነው። ዛሬ ግን ሜዳ ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያንም ደብር ይባላል፤ አለቃውም የደብር አለቃ ነው። ደብረ ሲና፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ሊባኖስ፣ ደብረ ዘይት እያልን የመጽሐፉን ተራሮች አገራችን አመጣናቸው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ቅድስና በአንድ አድራሻ እንደማይታሰር ያሳያል። ክፋቱ የሚጀምረው አዲሱ ስም የነበረውን ሲያስረሳ ነው። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ስትባል ቢሾፍቱ ብሎ የሚጠራት ሕዝብ እዚያው ነበር፤ ሐይቁም ዳር ቆሞ ፈጣሪውን ያመሰግን ነበር። ዳዊት ለኦርና አምሳ ሰቅል ከፍሏል። እኛ ለስሙ ስንት ከፈልን?

ግሸን ደግሞ አለች። ተፈጥሮ በመስቀል ቅርጽ የቀረጻት፣ ግማደ መስቀሉ አርፎባታል የምትባለው ቅድስት አምባ። የዚያችው አምባ ሌላ ታሪኳ የነገሥታት ልጆች እስር ቤት መሆኗ ነው፤ ዙፋን እንዳይሻሙ ዕድሜ ልካቸውን የሚዘጋባቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐረርን መነሻው ያደረገው የኢማም አሕመድ ጦር አምባዋን ሲይዝ በላይዋ የነበሩትን ፈጀ፤ ሀብቷንም ዘረፈ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ የምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርጎ ሐረር ገባ። ግብፆች ሐረርን ለ10 ዓመት ያህል በያዙበት ጊዜ ያሠሩት መስጊድ በነበረበት በፈረስ መጋላ አደባባይም የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። አንዱን አንሥቶ ሌላውን የሚደብቅ ሰው ታሪክ እየተናገረ አይደለም፤ ሒሳብ እያወራረደ ነው። ሁለቱም ወገን በየተራው የሌላውን ቅዱስ ቦታ ይዟል፤ ሁለቱም አምላክ ሰጠን ብሏል። ሁለቱም ግን ዳዊት በኦርና አውድማ ላይ ያደረገውን አላደረገም።

«ይህ የኦሪት ነገር ሙስሊሙን ምን አገባው?» የሚለኝ ካለ ጀጎል ውስጥ ቁርኣን የሚቀራ ሕፃን ይጠይቅልኝ። በለስና ወይራ ተጠርተው የሚጀምረውን አጭር ሱራ ገና በልጅነቱ ይሐፍዛል፤ እዚያ ውስጥ የሲና ተራራ አለ፣ ቀጥሎም ሰላም የሰፈነባት ከተማ አለች። ጡር የሚባል፣ በተራራው ስም የተሰየመ ሌላ ሱራም አለ። ሙሳ የእሱም ነቢይ ነው። ስለዚህ ሲና ሐረር የገባው በምኒልክ ጦር ትከሻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት በሕፃናት አፍ ላይ ነበር። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን ጎረቤቱን አያውቅም። ይህን እያወቀ «የኦሪቱ ተራራ የእነሱ ነው» የሚል ሙስሊምም የራሱን ድርሻ ይጥላል።

ቃሉን ራሱ ተመልከቱት። አማርኛው ጋራ ይላል፤ ኦሮምኛውም ጋራ ይላል። ከሐረር በስተ ደቡብ ያለውን ተራራ የሐኪም ጋራ ስንል የሁላችንም ምላስ ላይ ያለ ቃል ነው የምንጠቀመው። ዝቋላንም አስቡ፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን የሚማጸነው ምእመንና በአባቶቹ ሥርዓት ተራራውን የሚያከብረው ኦሮሞ በአንድ መንገድ ሲወጡ ኖረዋል። ቁልቢም እንዲሁ ነው። ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት የገብርኤል ደብር፣ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ስለት ይዘው ከሚወጡት መካከል ሙስሊም መኖሩ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ሕዝቡ «የማን ነው» ሳይል ወጥቷል። ጥያቄውን ያመጡት ማይክራፎን የያዙት ናቸው።

እዚህ ላይ የሚገባ ተቃውሞ አለ፤ ላልፈው አልፈልግም። «አንተ ርስት አይደለም ትላለህ፤ መጽሐፉ ግን ራሱ ርስት ይለው የለም?» አዎን፣ ይለዋል። ቀይ ባሕርን ተሻግረው በዘመሩት መዝሙር ውስጥ ተራራው ርስት ተብሏል። ነገር ግን የማን ርስት? መዝሙሩ የሚናገረው ለእግዚአብሔር ነው፤ የርስትህ ተራራ ነው የሚለው። በዚያች በ«ህ» ፊደል ውስጥ ክርክሩ ሁሉ አለ። ኦሪት ዘሌዋውያን ደግሞ ይጨምራል፤ ምድሪቱ የእኔ ናት፣ እናንተ በእኔ ዘንድ እንግዶች ናችሁ ይላል። በእኛ አነጋገር ጭሰኛ ናችሁ ማለት ነው። ጭሰኛ መሆን ምን እንደሆነ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን ዘመን የሚያውቁ አባቶቻችን ይንገሩን። ጭሰኛ ጭሰኛን ከመሬቱ ቢያፈናቅል ባለመሬቱ ዝም ይላል?

ሌላው ተቃውሞ ከወዲያኛው ጎን ይመጣል። «ተራራ ተራራ ነው፤ ድንጋይና አፈር። ቅድስና ምናምን ትታችሁ ስለ ልማት አውሩ» የሚለው። ይህኛው ዘመናዊ ይመስላል፤ ግን ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም። ያኛው ተራራውን በሃይማኖት ስም የራሴ ይላል፣ ይህኛው በካሬ ሜትር። ወሰን የሌለው ልማት ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ሐረሮች ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። የሐሮማያ ሐይቅ እዚያው አጠገባቸው ነበር፤ ሐረር ከእሱ ትጠጣ ነበር። በዙሪያው ያሉት ኮረብቶች ተራቆቱ፣ አፈሩ ታጥቦ ሐይቁን ሞላው፣ ውኃው በየአቅጣጫው ለመስኖና ለከተማ ተሳበ። በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ፤ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ከድሬዳዋ አካባቢ በረጅም ቧንቧ ውኃ ማምጣት ግድ ሆነባት። ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመልሶ መታየቱ ደስ ይላል፤ ትምህርቱ ግን አይረሳ። ኮረብታ ላይ የተደረገው ሜዳ ላይ ይከፈላል። ሚክያስ ጽዮን ትታረሳለች ሲል የተናገረው እርግማን ከመሆኑ በፊት የነገሮች አካሄድ ነው።

ታዲያ የሐኪም ጋራን ምን እናድርገው? የመጽሐፉ መልስ ግልጽ ነው፤ ወሰን ይደረግለት። ወሰኑ ደግሞ በሌላው ላይ አይደለም፤ መጀመሪያ በእኔ ነው በሚለው ላይ። ዛፉ አይቆረጥ፤ ምንጩ አይዘጋ፤ ጫፉ የማንም ሰንደቅና የማንም ድምፅ ማጉያ መትከያ አይሁን። የአው ሐኪም መቃብር ያለበት ስፍራ የሐረሪዎች ክብር ነው፤ ክርስቲያኑም የእኔ አይደለም ብሎ የሚያከብረው ይሁን። «የእኔ አይደለም» ማለት ንቀት አይደለም። ከሲና የወረደው የመጀመሪያ ትምህርት እኮ ይኸው ነው።

ይህን ለመማር ሐረር ከሌሎቻችን ይልቅ የቀረበች ናት ብዬ አምናለሁ። በዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. የተመዘገበችው 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካናት በግንቧ ውስጥና በዙሪያዋ ስላሏት ነው። ያን ሁሉ ቅድስና ይዛ ግን ከግንቧ ሥር ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ ትታለች። ትውፊቱ እንደሚለው በአንድ የረኃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ጀመሩ። የከተማዋ ቅዱሳን ሐኪም ጋራ ላይ ወጥተው ተማከሩ። ጅቡን እንፍጀው አላሉም፤ ገንፎ እናብላው አሉ። በዓሹራ ሌሊት ለጅቦች ቅቤ የገባበት ገንፎ የሚቀርበው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

ኢሳይያስ በቅዱሱ ተራራ ላይ ተኩላ ከበግ ጋር እንደሚኖር፣ ማንም ማንንም እንደማይጎዳ ተናገረ። ሊቃውንት ይህን እንደ ሩቅ ዘመን ተስፋ ያነቡታል። ሐረሮች ግን ለዚያ ዓይነት ነገር በሸክላ ሳህን ያቀረቡት ምግብ አላቸው። ጅብን ማብላት ከቻሉ ጎረቤት አያቅታቸውም፤ እኛም ከእነሱ ለመማር ጋራውን መውሰድ አያስፈልገንም።